ሰዓቱን አጥፉት

ዛሬ ብዕር ያስነሳን ጨዋታ ነው። «ባልና ሚስት ሥራ ፈተው ስለ ጨዋታ ይጽፋሉ እንዴ?» እንዳትሉን እንጂ፣ ነገሩ በጨዋታ ተጀምሮ በጨዋታ ያላለቀ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳን፣ በገዛ ልጃችን ፊት አንገት ያስደፋን ጉዳይ ነው። ከሁለታችን ማንኛችን ምን እንደተናገርን ለይተን አንጽፍም። አንዳችን በአፉ ያወጣውን ሌላችን በልባችን ይዘነው የኖርነው ስለሆነ ጥፋቱም የሁለታችን ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ለአንድ ድርጅት እንሠራለን፤ ሥራችን ደንበኞች በሒሳባቸው ላይ ጥያቄ ሲኖራቸው በስልክ ተቀብሎ ማስረዳት ነው። ቀድሞ ቢሮ እንሄድ ነበር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ድርጅቱ ሠራተኛውን ሁሉ ወደየቤቱ ሰደደ፤ ከዚያ ወዲህ «ተመለሱ» ያለን የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እየጻፍን መሆኑን ልብ በሉልን፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ራሳችን ቀን እንመለሳለን።) እናም አንዳችን ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ አንዳችን መኝታ ቤት ጥግ ተቀምጠን እንውላለን። በክፍላችን አሥራ አራት ሰዎች ነን። አለቃችን ኦሃዮ ነው፤ ሌሎቹ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ አላባማ ተበትነዋል። ፊታቸውን እናውቃለን፣ የቤታቸውን ግድግዳ እናውቃለን፣ የአንዷን ድመት እንኳ በስሟ እንጠራታለን። አንድ ሲኒ ቡና ግን አብረን ጠጥተን አናውቅም። ሰው ቡና ሳይጣጣ ሥራ ባልደረባ ይባላል ወይ? ይባላል፤ ዘመኑ እንዲህ ሆኗል።

ይህንን መራራቅ ያቀልላል ብሎ አለቃችን አንድ ዘዴ አመጣ። ፌብሩዋሪ አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል በቪዲዮ ተገናኝተን ስለ ጥቁሮች ታሪክ የጥያቄና መልስ ውድድር እናድርግ አለ። መጀመሪያ የታሰበው ዓርብ ነበር፤ ጁምዓ እንዳለብን ስንነግረው ያለ አንዳች ማንገራገር ወደ ሐሙስ አዞረልን። ቅን ሰው ነው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ቀጥሎ የምንጽፈው እሱን ለመውቀስ እንዳይመስል ነው።

የጨዋታውን ዓይነት የማታውቁት ካላችሁ እንዲህ ነው። ጥያቄው ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ አራት መልሶች በአራት ቀለም ይደረደራሉ፣ ሃያ ሰከንድ ይሰጥና ሰዓቱ ከሙዚቃ ጋር መቁጠር ይጀምራል። ትክክለኛውን ቶሎ የነካ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚጫወቱት «ካሁት» የሚሉት ነገር ማለት ነው።

አለቃችን ጥያቄዎቹን ያገኘው ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደስ ይሉ ነበር። በ1923 ሦስት ምልክት ላለው የትራፊክ ማሳያ የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው ጥቁር አሜሪካዊ ማን ነው? ጋሬት ሞርጋን። በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ማን ናት? ዶክተር ሜይ ጀሚሰን። ሁላችንም እየሳቅን እንነካለን፣ እንሳሳታለን፣ አንዱ ሌላውን ያበሽቃል። በስድስተኛው ጥያቄ ላይ ግን «ከአፍሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በመርከብ ተጭነው የተወሰዱት ባሮች ብዛት ስንት ይገመታል?» የሚል መጣ። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ሙዚቃው ይጨፍራል። መልሱ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር። የመለሰው ሰው ስም ወጣና ባለ ቀለም ወረቀት የሚዘንብ መሰለ፤ ኮምፒውተሩ አጨበጨበ።

ያኔ የአላባማዋ ባልደረባችን ካሜራቸውን አጠፉ።

እኒህ ሴት ሞንትጎመሪ ከተማ የሚኖሩ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ እናት ናቸው። አሜሪካ አገር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራራው፤ እኛ ግን የእናታችንን እኩያ በባዶ ስማቸው መጥራት አፋችን አልፈታ ብሎ «ሚስ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በኋላ ሰምተን እንደተረዳነው በአላባማም ትልቅ ሰው የሚከበረው እንዲሁ ነው። ሥራውን ያስለመዱን እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ሰድቦን አንዳችን ያለቀስን ዕለት የደወሉልን እሳቸው ናቸው። ካሜራቸውን ማጥፋታቸውን አየን፤ ግን መስመሩ የተቋረጠባቸው ነው አልንና አለፍነው።

ለሁለተኛው ሳምንት ጥያቄ ማዘጋጀቱን እኛ ተቀበልን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥራ አራት ሰው አሥራ ሁለተኛና አሥራ ሦስተኛ ወጥተን ስለነበር እልህም ነበረበት። «የጥቁር ታሪክ ከተባለማ ከኛ በላይ ማን አለ!» አልን። ለማዘጋጀት ስንቀመጥም ብዙ ነገር ተማርን። ለምሳሌ ይህን ወር የጀመረው ካርተር ውድሰን የተባለ ሰው ነው። በ1875 ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ፤ በዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመረው ሃያ ዓመት ሞልቶት ነው። በ1912 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በ1926 በፌብሩዋሪ አንድ ሳምንት የኔግሮ ታሪክ ሳምንት ብሎ አወጀ፤ ወሩን የመረጠው የፕሬዚዳንት ሊንከንና ከባርነት አምልጦ የታገለው የፍሬድሪክ ዳግላስ የልደት ቀን ስለሚከበርበት ነው። ሳምንቱ ወር የሆነውና በፕሬዚዳንት ደረጃ እውቅና ያገኘው በ1976 ነው።

ያስገረመን ሌላ ነው። ይህ ሰው የኖረበትና በ1950 የሞተበት ቤት ዋሽንግተን ዲሲ፣ 9ኛው መንገድ ላይ፣ ቁጥር 1538 ነው። 9ኛው መንገድ! እዚያው መንገድ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ዩ ስትሪት አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ነው። ስንት ጊዜ እንጀራ ፍለጋ፣ ስንት ጊዜ ቡናና በርበሬ ፍለጋ በዚያ በር ፊት አልፈናል! መኪና ማቆሚያ አጥተን ስንዞር ያንን ቤት ሳንዞረው አልቀረንም። ቀና ብለን ግን አላየነውም።

ይህንን ጥያቄ አስገባን። ማንሳ ሙሳን፣ በ1324 ከማሊ ተነሥተው ለሐጅ ሲሄዱ በካይሮ የናኙትን ወርቅ አስገባን። ከዚያ ያው ወደምንወደው ሄድን፤ አድዋ። «በ1896 ወራሪ የአውሮፓ ጦር ያሸነፈች አፍሪካዊት አገር ማን ናት?» መልሱን የሳተ አልነበረም። ጭብጨባው ደስ አለን፣ ደስታውም አናታችን ላይ ወጣ። አለቃችን «እስቲ ስለዚህ ድል ትንሽ ንገሩን» ሲል ከሁለታችን አንዳችን ማብራራት ጀመርን። ስለ ጦርነቱ ተናገርን፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማው ተናገርን፣ በመጨረሻም እንዲህ አልን፦

«ስለዚህ እኛ ከሌሎቹ ጥቁሮች እንለያለን። እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም።»

ቪዲዮው ላይ አሥራ አራት ፊት ዝም አለ። መስመሩ እንደተቋረጠ ጊዜ ሁሉም ፎቶግራፍ መሰለ። ከዚያ የሞንትጎመሪዋ እናት ድምፃቸውን ከፈቱና ምንም ቁጣ በሌለበት አነጋገር፣ «ልጠይቅ እስቲ፤ በናንተ አገር ባሪያ አልነበረም?» አሉ። «ኧረ የለም!» አልን ፈጥነን። ሃያ ሰከንድ አልፈጀብንም።

ስብሰባው አልቆ ኮምፒውተሩን ስናጥፍ ልጃችን ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። ያን ዕለት ትምህርት ቤታቸው ቀደም ብሎ ለቋቸው ኖሮ መግባቷን አላወቅንም።

«ሰይዲና ቢላል የኛ ናቸው ትሉ የለ?» አለችን።

«አዎን፣ የኛ ናቸው እንጂ! ሐበሻ አይደሉም እንዴ?»

«ታዲያ ቢላል ባሪያ አልነበሩም?»

ውድ አንባቢያን፣ ምን ብለን እንመልስላት? የቢላልን (ረ.ዐ) ታሪክ ያስተማርናት እኛ ነን። ከመተኛቷ በፊት ስንቴ ተርከንላታል! ጌታቸው ኡመያ በመካ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረታቸው ላይ ቋጥኝ እንደጫነባቸው፣ እሳቸው «አሐድ፣ አሐድ» ከማለት እንዳልተመለሱ፣ አቡበከር (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ እንዳወጧቸው። ታሪኩን በቃላችን እናውቀዋለን። ግን እስከዚያች ዕለት ድረስ ከአዛኑ በስተቀር ሌላው የኛ ሆኖ ተሰምቶን አያውቅም ነበር። «ባሪያ ሆነን አናውቅም» ስንል የመጀመሪያውን ሙአዚን ከመካከላችን ማውጣታችን እንዴት አልታየንም?

ልጅቱ በዚህ አልተመለሰችም። «ትምህርት ቤት ማንም ሰው ኢትዮጵያዊት ናት ብሎ ለይቶ አያየኝም፤» አለች። «ጥቁር ነኝ። እናንተ ቤት ውስጥ "እነሱ፣ እነሱ" ስትሉ እኔን ነው የምትሉት።» ቀጥላም ስልኳን አወጣችና ፈልጋ አሳየችን። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1942 ነው፤ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ። በ1923 አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር፤ ያ ቃል አስፈላጊ የሆነው ነገሩ ስለነበረ ነው። አሜሪካኖቹ በ1865 የሻሩትን እኛ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይተን ነው የሻርነው።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። እውነት ለመናገር ዓመተ ምሕረቱን አናውቅም ነበር እንጂ ነገሩንስ እናውቅ ነበር። ያደግነው ወሎ ነው። በመንደራችን አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከወደ ደቡብ ምዕራብ ተፈንግለው መጥተው በአንድ ባለጸጋ ቤት ያገለገሉ ናቸው ይባላል። ሰርግ ሲሆን እንጨትና ውሃ ለማቅረብ ቀድመው የሚጠሩት፣ ከማዕዱ የሚቀርቡት ግን ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው መልከ መልካም፣ ቁርኣን ያኸተመ ወጣት ነበር። መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን በአንድ ሶፍ እንሰግዳለን። የጎረቤታችንን ልጅ ቢያጭ ግን «አጥንቱ» ተባለና ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዘመዶቻችን በዚያ ሽምግልና ላይ ነበሩ፤ እምቢ ካሉት ወገን ሆነው። ያቺን ቃል ደግሞ፣ ልጃችን ፊት አፋችንን ሞልተን «ሆነን አናውቅም» ያልናትን ቃል፣ ልጆች ሆነን እሱን ለመስደብ ስንጠቀምባት ኖረናል። ወጣቱ በኋላ አገር ለቆ ሄደ። የት እንደደረሰ ጠይቀን አናውቅም።

ሰኞ ዕለት ለሞንትጎመሪዋ እናት መልእክት ጻፍን። በጽሑፍ ይቅርታ መጠየቅ ለካ እንዲህ ይከብዳል! አራት ጊዜ ጽፈን አራት ጊዜ አጠፋን። በመጨረሻ «ተሳስተናል፤ ልንነግርዎ የምንፈልገው አለ» ብቻ ብለን ላክነው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በሰው ፊት የተባለው በሰው ፊት ይነገር። ሐሙስ።»

ሐሙስ ደረሰ። አለቃችንን አምስት ደቂቃ ለመንነውና አንድ ጥያቄ ብቻ አስገባን፦ «ኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ የሻረችው መቼ ነው? 1865፣ 1896፣ 1923 ወይስ 1942?» ሙዚቃው ጀመረ፣ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። በትክክል የመለሰ አንድም ሰው አልነበረም። አብዛኛው 1896ን ነካ፤ ድሉን ያስተማርናቸው እኛው ነንና! ከዚያ ሁሉንም ተናገርን። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለዚያች ቃል፣ ስለ ቢላልም ጭምር። እንግሊዝኛችን በመሐል ተሰባበረ። የአላባማዋ እናት እስክንጨርስ ጠበቁና እንዲህ አሉ፦

«ጥያቄው ጥሩ ነው። ሰዓቱን ግን አጥፉት።»

አለቃችን መጀመሪያ አልገባውም። እሳቸው አስረዱት። የቅድመ አያታቸው እናት የተሸጡ ሴት ናቸው፤ ያንን ሴትና መሰሎቻቸውን በሚቆጥር ጥያቄ ላይ ሙዚቃ ሲጨፍር፣ ቀድሞ ለነካ ሲጨበጨብ መቀመጥ እንዳልቻሉ ተናገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ካሜራቸውን ያጠፉት ለዚህ ኖሯል። «ጨዋታው ይቁም አላልኩም፤» አሉ፣ «ጨዋታ እወዳለሁ። ስለ ትራፊክ መብራት ሲሆን አስሩጡኝ። ስለ ሰው ሲሆን ግን ጊዜ ስጡኝ።» አለቃችን ፊቱ ቀላ፤ ይቅርታ ጠየቀና እዚያው እያየነው ሰዓት መቁጠሪያውን አጠፋው።

ለኛ ያሉት ሌላ ነገር የለም። «ይቅር ብያለሁ» እንኳ አላሉም። ይልቅ «አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው» ብለው ጥያቄ አመጡ፦ «እዚህ አላባማ፣ ቱስኬጊ የተማረ፣ አዲስ አበባ ላይ የሞተ አብራሪ ማን ነው?»

የምናፍረው እዚህ ላይ ደግመን ነው። ከአሥራ አራቱ ሰው ሐበሻ እኛ ብቻ ነን፤ አናውቅም። ሰውየው ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ጥቁር አውሮፕላን እንዳያበር በሚከለከልበት ዘመን ቺካጎ ላይ ታግሎ በረራ ተማረ፤ በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ያን ጊዜ የነበሩትን ጥቂት አውሮፕላኖች በአዛዥነት መራ። መሣሪያ ባልታጠቁ አውሮፕላኖች በጣሊያን አየር ኃይል መሐል መልእክትና ሰው ሲያመላልስ ቆይቶ በ1936 ተመለሰ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃም ባልከፋ፤ በ1944 እንደገና መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፣ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ሞተ። እኛ «ከሌሎቹ ጥቁሮች እንለያለን» ስንል፣ ከነዚያው አንዱ ሊሞትልን መጥቶ እኛው ዘንድ ቀርቷል። ሴትዮዋ ይህን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስንመጻደቅ በሆዳቸው ይዘውት ነበር ማለት ነው።

ቴክሳስ ያለው ናይጄሪያዊ ባልደረባችን ደግሞ ቀጠለ። እሱም እንደኛ ስደተኛ ነው። «እኔም እናንተም ወደዚህ አገር የገባንበት በር በየትኛው ዓመት ተከፈተ?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ስለ ዲቪ ነው ያሰብነው፤ በዲቪ ነውና የመጣን፣ ያም በ1990 በወጣ ሕግ ነው። እሱ ግን ወደ 1965 ወሰደን። በዚያ ዓመት በኦገስት ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ ወጣ፤ በኦክቶበር ደግሞ የስደተኞች ሕግ ተሻሽሎ ሰውን በትውልድ አገሩ እየመዘነ አውሮፓውያንን ያስቀድም የነበረው ኮታ ተሻረ። ሁለቱን ያመጣው የአንድ ዘመን ትግል ነው። እዚህ አገር ስንመጣ ዘመዶቻችን በመጀመሪያው ሳምንት የመከሩን ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? እናንተም ውጭ የምትኖሩ ሰምታችሁት ይሆናል፤ «ከጥቁር አሜሪካኖች ጋር አትግጠሙ» የሚል ነበር። በነሱ ደም በተከፈተ በር ገብተን ነው ይህን የምንባባለው።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጨዋታው መልኩን ለወጠ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ጥያቄ ትተን እያንዳንዱ ሰው ከሚኖርበት አካባቢ አንድ ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ ተስማማን። መልሱን ያመጣው ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ያወራል፤ የፈለገ ይጠይቃል። ቀድሞ ከክፍላችን ጥቁር የሆነው ሁሉ መልሱን እንዲያውቅ የሚጠበቅበት ይመስል ነበር፤ አሁን ነጩም የራሱን ሰፈር መቆፈር ግዴታ ሆነበት። ይህ ይሻላል። አለቃችን ራሱ ከኦሃዮ ወንዝ ዳር ጆን ፓርከር የሚባል ሰው አመጣልን፤ በ1845 ራሱን ከጌታው ገዝቶ ነፃ ከወጣ በኋላ በሪፕሊ ከተማ የብረት ማቅለጫ ባለቤት የሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ወንዙን እየተሻገረ ከባርነት የሚያመልጡትን በጀልባ ያሻግር የነበረ። ኦሃዮ ተወልዶ ሲያድግ ስሙን ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረን። በዚያች ቀን ከኛ የባሰ ባይሆንም ከኛ ያልተሻለ ሰው በማግኘታችን ትንሽ ቀለለን።

እኛም ለአራተኛው ሐሙስ ወደ ሜሪላንድ ዞርን። ከልጃችን ጋር ሦስት ሆነን ነው ያዘጋጀነው፤ መራጯ እሷ ሆነች። ያገኘችው አዩባ ሱለይማን ዲያሎን ነው። ከሴኔጋምቢያ ምድር የዓሊም ልጅ የነበረ፣ በ1731 ገደማ ተይዞ እኛ ከምንኖርበት ብዙም ሳይርቅ ኬንት ደሴት ላይ ትንባሆ እርሻ ውስጥ የተጣለ ሰው ነው። ለአባቱ በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ እጅ ለእጅ ዞሮ እንግሊዝ ሰዎች ዘንድ ደረሰና ነፃ የሚወጣበት መንገድ ተከፈተ፤ በ1733 ለንደን ሲደርስ ቁርኣንን ከሐፍዙ በእጁ ጻፈ። ሁለተኛው ዑመር ኢብን ሰዒድ ነው። በ1807 ቻርልስተን ወደብ ላይ ተሽጦ፣ በ1831 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የራሱን ሕይወት ታሪክ በዐረብኛ ጻፈ። ጽሑፉን የሚጀምረው በሱረቱል ሙልክ ነው፤ ንግሥና ሁሉ በአላህ እጅ ነው በምትለው ሱራ። ባሪያ ሆኖ፣ ጌቶቹ ማንበብ በማይችሉት ቋንቋ! ያ ጽሑፍ ዛሬ ዋሽንግተን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ ከቤታችን በባቡር የሚደረስበት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የቀን ነበር። ሮዛ ፓርክስ በዲሴምበር 1955 ሞንትጎመሪ ላይ ከአውቶቡስ ወንበር አልነሣም ከማለቷ በፊት፣ በዚያው ከተማ በዚያው ዓመት አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ አልነሣም ብላ በፖሊስ ተይዛ ነበር። ክሎዴት ኮልቪን ትባላለች። ቀኑ ማርች 2፣ 1955 ነው። በኛ አቆጣጠር ሲመለስ የካቲት 23 ቀን 1947 ይሆናል። የካቲት 23! ልጃችን ቀኑን ስታሰላ እኛ አላመንናትም፤ በጣታችን ደግመን ቆጠርነው። አዲስ አበባ የአድዋ በዓል በሚከበርበት ቀን ያቺ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ይህንን ስንናገር የሞንትጎመሪዋ እናት ከቴክኒክ ጋር እየታገሉ ነበር፤ ድምፃቸውን ሲከፍቱ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ኋላ እንደተረዳነው ያን ዕለት ብቻቸውን አልነበሩም። ዘጠና ዓመት የሚጠጋቸው እናታቸው ከጎናቸው ባለው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡን ነበር። አለቃችን የመጨረሻውን ጥያቄ አወጣ፦ «የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው የሄዱት ስንት ቀን ነው?» ሰዓት አይቆጥርም። አራቱ መልሶች ገና አልተደረደሩም። በአላባማው ካሜራ ውስጥ የሚታይ ሰው ሳይኖር አንድ የሻከረ የአሮጊት ድምፅ፣

«ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ፤» አለ። «ማነው የሚጠይቀው?»

ልጃቸው ካሜራውን አዞሩት። ነጠላ የመሰለ ነገር ትከሻቸው ላይ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የጠነከረ አዛውንት ታዩን። ከመቀመጫችን ተነሣን፤ ለምን እንደተነሣን እኛም አናውቅም፣ ትልቅ ሰው ሲገባ መነሣት ልማዳችን ነው። ልጃችንም ከኋላችን ተነሥታለች። አሮጊቷ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው አዩንና እነዚያ የቆሙት እነማን እንደሆኑ ልጃቸውን ጠየቁ።

አለቃችን ግራ ገብቶት፣ «ነጥቡን ታዲያ በማን ስም ልመዝግብ?» አለ።